የጎረቤትዎ የኢንሱሊን መጠን ለእርስዎ ለምን አይሆንም?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ እየደረሰኝ ነው። «ዶክተር፣ ትክክለኛው የኢንሱሊን መጠን ስንት ነው? እኔ 18 ነው የምወጋው፣ ወንድሜ ግን 36 ይወጋል። የማን ነው ልክ?» የሚል። አጭሩ መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ረጅሙን መልስ ደግሞ ዛሬ አብረን እንይ። ምክንያቱም ይህን ነገር ባለማወቅ ሰው ሲጎዳ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንዲት እናት

በመንዝ ደጋ ስሠራ ያገኘኋት እናት ናት (ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ)። በአርባዎቹ ዕድሜ ያለች፣ ቀጠን ያለች፣ ክብደቷ 48 ኪሎ የሆነ ገበሬ። የታዘዘላት ጠዋት 16፣ ማታ 8 ዩኒት ነበር። አንድ ቀን ገበያ ላይ እንደሷ ስኳር ያለባትን ጎረቤቷን አገኘቻት። ጎረቤቷ ከተማ ውስጥ ሱቅ ያላት፣ 80 ኪሎ ያለፈች ሴት ናት። ጠዋት 40፣ ማታ 20 ነው የምትወጋው። «16 ምን ይሆንሻል እቴ? ሀኪሙ ሰስቶብሽ ነው እንጂ» አለቻት። ክፋት አስባ አይደለም፣ ከልቧ አዝናላት ነው።

በማግስቱ ታካሚያችን 30 ዩኒት ወጋች። ጊዜው ኅዳር፣ የገብስ አጨዳ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተወግታ፣ ቁራሽ ቂጣ ቀምሳ ማሳ ወረደች። ወደ 7 ሰዓት ገደማ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ የማይገናኝ ነገር ማውራት ጀመረች፣ ከዚያ ወደቀች። ከበው ካዩት ሰዎች ገሚሱ «ቡዳ ነው» አለ፣ ገሚሱ «የሚጥል በሽታ ነው» አለ። ደግነቱ ትልቁ ልጇ «ስኳር አለባት» ብሎ በቃሬዛ ይዟት መጣ። ስንለካት 31 ነበር። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ70 በታች አይወርድም። በደም ሥሯ ግሉኮስ ሰጠናት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ዶክተርዬ፣ ምን አጠፋሁ? እሷ 40 ትወጋ የለ እንዴ?» ብላ ነው።

የዛሬው ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

ለምንድን ነው መጠኑ ከሰው ሰው የሚለያየው?

ኢንሱሊን በቆሽት የሚመረት ሆርሞን ነው። ሥራው በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሴሎች ገብቶ ጉልበት እንዲሆን መንገድ መክፈት ነው። ስኳር በሽታ ስንል ግን ሁሉም ሰው ላይ የተበላሸው ነገር አንድ አይደለም።

👉 ዓይነት 1፦ ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት ከሞላ ጎደል አቁሟል። ብዙ ጊዜ በልጆችና በወጣቶች ይጀምራል። እነዚህ ሰዎች ኢንሱሊን ለአንድ ቀን እንኳ ማቋረጥ የለባቸውም።

👉 ዓይነት 2፦ ኢንሱሊን አለ፣ ሰውነት ግን አልታዘዝ ብሎታል። በተለይ ሆድ አካባቢ ስብ ሲበዛ ይህ እምቢተኝነት ይበረታል። ያቺ ጎረቤት 40 እና 20 የሚያስፈልጋት ለዚህ ነው። ከምትወጋው ውስጥ ብዙው የሚያልቀው ያንን እምቢታ ለመስበር ነው።

👉 ሦስተኛ ዓይነት ታካሚ ደግሞ በገጠራችን እናያለን። ቀጭን፣ ድሃ፣ በልጅነቱ በቂ ምግብ ያላገኘ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ነገር ግን እንደ ዓይነት 1 ቶሎ የማይታመም። የጎንደር ሀኪሞች እ.ኤ.አ. በ2009 በገጠር ታካሚዎቻቸው ላይ ባሳተሙት ጥናት ይህ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር እንደገና ይታይ ብለው ጠይቀው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 በዝርዝሩ አካቶት ኋላ ላይ አውጥቶት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። እንዲህ ያለ ሰው ላይ የኢንሱሊን እምቢታው ብዙም የለም። ስለዚህ ትንሽ መጠን ብዙ ይሠራል፣ ትንሽ ስትበዛ ደግሞ ስኳሩ ቶሎ ይወድቃል።

እንግዲህ ሁለት ጎረቤታሞች «ስኳር አለብን» ቢሉም በውስጣቸው ያለው ችግር ሌላ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ሀኪሙ መነሻውን ከየት ያመጣዋል?

ከባዶ አይደለም፣ ከክብደት ይነሳል። በዓይነት 1 ብዙ ጊዜ በቀን ለአንድ ኪሎ ግማሽ ዩኒት አካባቢ ይጀመራል። በታካሚያችን እናስላው፦ 48 ኪሎ ሲባዛ በ0.5 = 24 ዩኒት በቀን። ሁለት ሦስተኛው ጠዋት፣ አንድ ሦስተኛው ማታ ሲሆን 16 እና 8 ይመጣል። አያችሁ? ሀኪሙ አልሰሰተባትም፣ በክብደቷ ነው ያሰላላት። በዓይነት 2 ኢንሱሊን አዲስ ሲጀመር ደግሞ ብዙ ጊዜ በ10 ዩኒት ገደማ ማታ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል።

ይህ ግን መነሻ ነው፣ መድረሻ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚወስነው የእርስዎ የስኳር ልኬት ነው። ለብዙ አዋቂ ሰዎች ምግብ ሳይበሉ ከ80 እስከ 130፣ ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች እንዲሆን እንፈልጋለን። ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ስኳር ቶሎ ለሚወርድባቸው ሰዎች ግቡ ይለያል። ለውጡም በ2 ዩኒት ገደማ፣ ቢያንስ የሦስት ቀን ውጤት ታይቶ ነው። ከ16 ወደ 30 መዝለል ጨርሶ የለም።

ይህ የማስተካከል ነገር ከኢንሱሊን ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በቶሮንቶ፣ ካናዳ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን የተወጋው የ14 ዓመት ልጅ እንኳ በመጀመሪያው መርፌ አልተሳካለትም ነበር። መድኃኒቱ ይበልጥ ተጣርቶ በድጋሚ ሲሰጠው ነው ስኳሩ የወረደው።

የኢንሱሊንዎን ሰዓት ይወቁ

ጤና ጣቢያ የምታገኙት ኢንሱሊን በአብዛኛው ከሦስት አንዱ ነው።

1. ውሃ የመሰለው (ሬጉላር)፦ በግማሽ ሰዓት ሥራ ይጀምራል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፣ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል።

2. ደመና የመሰለው ነጩ (ኤንፒኤች)፦ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፣ ከግማሽ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል።

3. ሁለቱ የተቀላቀሉበት (70/30)፦ ምግብ ከመብላትዎ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ የሚወጋ። እሱም በመልኩ ነጭ ስለሆነ ከኤንፒኤች ጋር እንዳይምታታ ጽሑፉን ያስነብቡ።

አሁን ወደ ታካሚያችን እንመለስ። ነጩን 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጋች። የሚበረታው ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 10 ሰዓት ተኩል ነው። የወደቀችው 7 ሰዓት ላይ ነው። መድኃኒቱ በበረታበት ሰዓት ሆዷ ባዶ ነበር፣ ጉልበቷ ደግሞ አጨዳ ላይ ነበር። ሦስቱ ተገናኙ።

መጠንዎን የሚቀይሩ ነገሮች

✔ የሥራ ወቅት። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ያለ ብዙ ኢንሱሊን ይወስዳል። በአጨዳና በውቂያ፣ ወይም ከጀማ ሸለቆ ወደ ዓለም ከተማ ሽቅብ ሲወጡ የሚፈልጉት ኢንሱሊን ሊቀንስ ይችላል። ውጤቱ ሌሊትም ይቀጥላል። ክረምት ዝናብ ሲያስቀምጥዎ ደግሞ ሊጨምር ይችላል። ለሀኪምዎ «ምን ትሠራለህ?» ሲባሉ «ገበሬ ነኝ» ብቻ አይበሉ፣ የትኛው ወር ላይ ምን እንደሚሠሩ ይንገሩት።

✔ ጾም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብም አሉ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ነጩን እንደ ወትሮው ከተወጋ የሚበረታበት ሰዓት በአብዛኛው ባዶ ሆዱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሁለት መንገድ ነው ያለው። ወይ ከንስሐ አባትዎ ጋር ተመካክረው ሰዓቱን አይጾሙም፣ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች። ወይ ደግሞ ጾሙ ሳይገባ ከሀኪም ጋር ሰዓቱንና መጠኑን ያስተካክላሉ። በዓይነት 1 ያሉ፣ ነፍሰ ጡሮችና ስኳር ወርዶባቸው ራሳቸውን ስተው የሚያውቁ ሰዎች ግን ሰዓት እንዲጾሙ አልመክርም።

✔ ምግብ። የገብስ እንጀራ፣ ቂጣ፣ ቆሎ፣ በሶ ሁሉም ወደ ስኳር ይቀየራሉ። «ገብስ ለስኳር መድኃኒት ነው» ተብሎ ያለ ልክ አይበላም። ዋናው ነገር መጠኑና ሰዓቱ ከቀን ቀን እንዳይዘበራረቅ ነው።

✔ ጠላና አረቄ። ጉበት በችግር ጊዜ ስኳር የሚለቅ ጎተራችን ነው። አልኮል ይህን ጎተራ ይዘጋዋል። ሳይበሉ ጠጥተው የተወጉ ሰዎች ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ላይ ሳይቀር ስኳራቸው ሊወድቅ ይችላል። ያን ጊዜ ሰው «ሰክሮ ነው» ብሎ ይተዋቸዋል።

✔ ሕመም። ትኩሳት፣ የሳንባ ምች፣ የቆሰለ እግር የኢንሱሊን ፍላጎትን ይጨምራሉ። «ምግብ ስላልበላሁ አልወጋም» ማለት ለዓይነት 1 ሰው አደገኛ ነው። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል የአፍ ጠረን ከታየ ደም ውስጥ አሲድ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም!

✔ ሌላ መድኃኒት። እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉ መድኃኒቶች ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ።

✔ ኩላሊት። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን ከሰውነት ቶሎ አይወገድም። ለዓመታት የተስማማዎት መጠን በድንገት ከበዛብዎት «ስኳሬ ተሻለው» ብለው አይደሰቱ፣ ኩላሊትዎን ያስመርምሩ።

✔ እርግዝናና ጉርምስና። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ፍላጎቱ ብዙ ይጨምራል፣ እንደወለዱ ወዲያው ይወርዳል። ጎረምሶችም ከትንሽ ልጅ የበለጠ ይፈልጋሉ።

«ድኛለሁ» የሚያሰኘው ጊዜ

ይህን ለብቻው ያደረግሁት ሕይወት ስለሚያጠፋ ነው። ዓይነት 1 የተገኘባቸው አንዳንድ ልጆችና ወጣቶች ኢንሱሊን ከጀመሩ ከሳምንታት በኋላ የቀረችው የቆሽት ጉልበት ለጊዜው ታንሰራራለች። መጠኑ ይቀንሳል፣ 20 የነበረው 6 ሊሆን ይችላል። ሀኪሞች ይህን የጫጉላ ጊዜ ይሉታል። ቤተሰብም «ዳነ!» ብሎ መርፌውን ይተዋል። ጊዜው ግን ወራት ቆይቶ ያልፋል፣ ልጁም አሲድ በደሙ ሞልቶ ይመጣል። መጠኑ ይቀንስ እንጂ አይቋረጥ። ጸበል ሲሄዱም ኢንሱሊንዎን ይዘው ይሂዱ፣ ምግብዎንም አይተዉ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

መጠኑ ሳይቀየር ውጤቱ ሲቀየርስ?

አንዳንዴ ጥፋቱ ከቁጥሩ አይደለም። መጠን ከመጨመሩ በፊት እነዚህን አራቱን እንፈትሽ።

1. ሲሪንጁ። አሁን የምንጠቀመው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለው ነው። ሲሪንጁም የ100 መሆን አለበት (ክዳኑ አብዛኛውን ጊዜ ብርቱካናማ ነው)። የ40 ሲሪንጅ (ብዙ ጊዜ ቀይ ክዳን) ካገኙና እስከ 16 ከሳቡ የገባው 16 ሳይሆን 40 ዩኒት ነው! የሲሪንጅ ዓይነት ሲቀየርብዎ ሳይጠይቁ አይውጉ።

2. አቀማመጡ። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተው በቀዝቃዛና ጥላ ቦታ ለአራት ሳምንት ገደማ ያገለግላል። የቆላው ሰው ጠላቱ ሙቀት ነው። ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ዕቃ አሽጎ፣ በእርጥብ አሸዋ መካከል በተቀመጠ ሸክላ ውስጥ ጥላ ስር ማኖር ይረዳል። የደጋው ሰው ጠላት ደግሞ ውርጭ ነው። በጓሳና በአካባቢው የበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል። ማታ ግድግዳ ላይ ከማንጠልጠል በጨርቅ ጠቅልሎ ቤት ውስጥ፣ ከእሳት ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል።

3. አወጋጉ። ነጩን ከመሳብዎ በፊት በመዳፍዎ መካከል ቀስ አድርገው ያንከባሉት፣ አይናጡት። ከታች የረጋና የተቋጠረ ነገር ካለው ይጣል።

4. ቦታው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ መውጋት እብጠት ይፈጥራል፣ መድኃኒቱም ከዚያ በትክክል አይሰራጭም። ሆድና ጭን ላይ ቦታ ይቀያይሩ። ካበጠው ቦታ ወደ ጤናማው ሲዛወሩ ግን ያው መጠን ሊበዛብዎ ስለሚችል ቀድመው ሀኪም ያማክሩ።

ስኳር ሲወርድ

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የልብ መምታት፣ ግራ መጋባት። መለኪያ ከሌለ ለመለካት አይጠበቅም።

👉 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ።
👉 15 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ካልተሻለ ይድገሙ።
👉 ሲሻልዎ ቂጣ ወይም በሶ ይብሉ። በሶ ብቻውን ግን ለመጀመሪያ ርዳታ ይዘገያል፣ ስኳሩ ይቅደም።
👉 ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አያፍስሱ፣ ሊታነቅ ይችላል። በጎኑ አስተኝተው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ማሳ ሲወርዱም ገበያ ሲሄዱም ስኳር በኪስዎ ይኑር። አብሮዎት የሚሠራ አንድ ሰው ስኳር እንዳለብዎ ይወቅ። ያቺን እናት ያተረፋት ልጇ ማወቁ ነው።

ለቀጠሮ ምን ይዘው ይምጡ?

አንድ ደብተር። በየቀኑ አራት ነገር ይጻፉበት፦ ስንት ወጉ፣ ስንት ሰዓት ወጉ፣ ምን በሉ፣ ምን ሠሩ። ልኬት ካለ ቁጥሩን ይጨምሩ። መለኪያ ከሌለዎት ላብ ያላበዎትን ሌሊት፣ ራስ ምታት ይዞዎት የነጋበትን ጠዋት፣ ለሽንት ደጋግመው የተነሱበትን ቀን ምልክት ያድርጉ። ማንበብና መጻፍ ካልቻሉ ተማሪ ልጅ ይጻፍልዎ። መለኪያ በጋራ የምትጠቀሙ ከሆነ መውጊያ መርፌው ግን የየራሳችሁ ይሁን፣ በደም የሚተላለፍ በሽታ አለ።

ያቺ እናት ከወደቀች በኋላ ልጇ ደብተር ያዘላት። ከሁለት ወር በኋላ ይዘውት ሲመጡ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ማሳ በወረደችባቸው ቀናት ቀትር ላይ ይወርድባታል፣ ቤት በዋለችባቸው ቀናት ደህና ናት። ስለዚህ ተስማምተን የከባድ ሥራ ቀን ጠዋት 12፣ ሌላ ቀን 16 አደረግነው፣ ረፋድ ላይም መክሰስ ጨመርን። ከዚያ ወዲህ ራሷን ስታ አልመጣችም። ጎረቤቷም የራሷን 40 እና 20 እየወጋች ደህና ናት። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ስለዚህ ሰው «ስንት ትወጋለህ?» ብሎ ሲጠይቅዎ ቁጥርዎን ከመንገር «በደብተርህ ሀኪምህን ጠይቅ» ይበሉት። ይህ ጽሑፍም ለግንዛቤ ነው፣ በዚህ ተነስተው መጠንዎን ራስዎ እንዳይቀይሩ አደራ።

በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ካለ ያጋሩት፣ ስልክ ለሌላቸው እናትና አባት ደግሞ ያንብቡላቸው። ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ።

መልካም ጤና ይሁንላችሁ!